የሴቪያ አሮጊቶች በማን መኪና መጡ?

«እነዚህን አሮጊቶች ማን በመኪና አመጣቸው?» አለችኝ እናቴ፣ አሁን በቪዲዮ ኮል።

ስልኩን ዘግቼ ደረጃ ላይ ቁጭ ብያለሁ።

ለአጎቴ ልጅ ሠርግ መጥቼ ስፔን፣ ሴቪያ ነው ያለሁት። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከተማዋን በእግሬ ሳካልል ዋልኩ። (እኔ ማለት የምኖርባት የዳላስ ዳርቻ ሜስኪት ውስጥ በእግሬ ለመሄድ መኪና ነድቼ ጂም የምገባ ሰው ነኝ። ተረከዜ ተልጧል።)

አመሻሽ ላይ አንድ አደባባይ ደረስኩ። የእናቴ እኩያ የሆኑ አሮጊቶች ሽክ ብለው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይንሸራሸራሉ። ደስ ይበላት ብዬ ደውዬ አሳየኋት።

ዳላስ ገና ቀትር ነው። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ከልጆቿ አንዱ ድንገት ከሥራ ቀደም ብሎ መጥቶ ቢያወጣኝ ብላ ሁልጊዜ እንደተዘጋጀች ነው የምትውለው። ሰፈራችን የእግረኛ መንገድ የለውም፤ ቤተክርስቲያን ለመሄድ ሃይዌይ መግባት ግድ ነው።

«በእግራቸው ነው የመጡት፣ እማዬ» አልኳት።

«ሰው ሳያስቸግሩ?» አለችኝ።

የሚገርመው፣ የእኔ ሥራ ሹፍርና ነው። ዳላስን ስዞር፣ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሳመላልስ ነው የምውለው።

እናት አባታችሁን አሜሪካ ያመጣችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ፣ የእናንተዎቹ ዛሬ የት ዋሉ?

የእኔዋ ስንሰነባበትም ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አላነሳችም።