አጎቴና የሸርጣን አንገት

እስቲ ፍረዱኝ! ጨፋ ላይ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ኩሬ ቆፍሬ ሸርጣን ማርባት ስጀምር ያልሳቀብኝ ሰው የለም። እኛ አንበላውም፤ የመንገድ ሥራው ካምፕ ያሉት ቻይናዎች ግን ነፍሳቸው ነው። ምግብ አብሳያቸው ታዲያ የሞተ ሸርጣን ዞሮም አያይም።

አንድ ቀን አንድ ጆንያ ሙሉ፣ ውኃ እያርከፈከፍኩ ከሚሴ አደረስኩ። ዙሁር ሰግጄ ወደ ካምፑ ልሄድ ብዬ ጆንያውን ለአጎቴ ሰጠኋቸው።

"አደራ አጎቴ፣ እንዳይሞቱብኝ!"

ስመለስ ጆንያው ጭጭ ብሏል። አጎቴ ቢላዋ እያጠቡ ነው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደረስኩልህ! አረፋ እየደፈቁ ሲያጣጥሩ አየሁና፣ በክት ከሚሆኑብህ ብዬ ቢስሚላህ ብዬ አረድኳቸው።"

"ሁሉንም?"

"አንድም አልቀረ!"

ደሜ ፈላ። ሸርጣን ከውኃ ሲወጣ አረፋ መድፈቅ ልማዱ ነው እኮ! ስንት ወር የለፋሁበትን!

"ቆይ አንቱ፣ ሸርጣን አንገት የት አለውና ነው ያረዱት?" ብዬ ጮኽኩ።

አጎቴ ላባቸውን ጠረጉ።

"እሱማ ወላሂ አስቸግሮኝ ነበር። ሳጣው ጊዜ ዙሪያውን ቆረጥኩት።"