ጋሼ ያንኳኩት ግድግዳ

"ይኼ ቤት ነው ወይስ ቅርጫት?" አሉ የእናቴ ወንድም ጋሼ፣ ገና ጭቃ ያልተመረገውን ግድግዳዬን በጣታቸው እያንኳኩ።

በወጣትነታቸው ምጽዋ መርከብ ይበይዱ ነበር። የሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ግድግዳ ያንኳኳሉ። የብረት ጎድን ብቻውን አይበቃም፤ ረጅም መርከብ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ የሚያስሩት ብረቶች ካነሱት ወገቡ ላይ ይሰበራል፣ ይሉ ነበር።

"ቋሚውስ ደህና ነው። ማገርህ የታለ፣ ገጣሚው?" አሉ፣ ግጥም መጻፌን እያሾፉበት።

የእጮኛዬ አባት አጠገባችን ቆመዋል። "ላስታ ውስጥ ምን ባሕር አለ፣ ጋሼ?" አልኩ።

"ለአንተ ዝናቡ ይበቃሃል።" ግድግዳውን በእግራቸው አንዴ ገፋ ቢያደርጉት መሐሉ ተቆለመመ። የእጮኛዬ አባት ሳቁ።

አፈርኩ። የጋሼን ቁስል ከእናቴ ሰምቼ አውቀው ነበር። "እርስዎስ ከሠሩት መርከብ በአንዱ እንኳ ተሳፍረው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

ማገሩን በኋላ ጨመርኩ፤ ቤቱ እስከ ዛሬ ሁለት ክረምት ችሏል። እሳቸው የመጀመሪያውንም ሳያዩ አረፉ። ዛሬ እንግዳ ገብቶ ግድግዳውን ሳይነካ ሲቀመጥ፣ አንድ ነገር የቀረ ይመስለኛል።

ያን ቀን ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ለሰርጌ ብለው ራሳቸው የሠሩልኝን በር ቀስ አድርገው ዘጉት።