ጋሽ በዳዳ ብዙ ጊዜ የሞቱበት ዓመት

ጋሽ በዳዳ የሰፈራችን እድር ንብረት ኃላፊ ነበሩ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክሉት፣ አግዳሚ ወንበሩን የሚያወጡት፣ ድስቱ ሳይጎድል መመለሱን የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ስለቆዩ እገሌ ሞተ ሲባሉ አይደነግጡም። «ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?» ብለው ቁልፋቸውን ይፈልጋሉ እንጂ።

በ2002 ዓ.ም. የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ሊያስጽፉ ሄለን ኢንተርኔት ቤት ገቡ። ሄለን ከኮሌጅ ወጥታ ሥራ ስታጣ አምስት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ደርድራ ቤቱን የከፈተች ሳቂታ ልጅ ናት። ደንቡ እስኪታተም ጋሽ በዳዳ ከጀርባዋ ተቀምጠው ስክሪኑን ያያሉ። ጋሻ የያዘ ሰውዬ ከተኩላ ጋር ይታገላል። ብዙም አልቆየ፣ በግንባሩ ተደፋ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ጋሽ በዳዳ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

ሄለን ሳቀች። «ጋሼ፣ ይነሳል እኮ!»

«ማን?»

«እኔ። ማለቴ፣ የኔ ካራክተር፣ የማጫውተው ሰውዬ። መንደሩ ውስጥ ተመልሶ ይነሳል። ያጠራቀመው ልምድ ትንሽ ይቀነስበታል እንጂ ሌላ ምንም አይሆንም።»

«ቀብር የለም?»

«የለም።»

«ድንኳንስ?»

«ኧረ የለም ጋሼ!»

ጋሽ በዳዳ ወንበራቸውን አስጠጉ። ሄለንም አስረዳቻቸው፦ ከየአገሩ ያለ ሰው በኢንተርኔት እዚያው አንድ ዓለም ውስጥ ይገናኛል፣ እያንዳንዱ የራሱን ተዋጊ ይዞ አውሬ ይገድላል፣ በገደለ ቁጥር ደረጃው ያድጋል። በማግስቱ ጠዋት ተመልሰው መጡና የራሳቸውን ካራክተር አስከፈቱ።

«ማን እንበለው?» አለች ሄለን።

«የራሴ ስም እያለ የሰው ስም ምን አደርጋለሁ? በዳዳ በይው።»

በመጀመሪያው ሳምንት በዳዳ ያልሞተው ሞት የለም። ከገደል ወደቀ፣ ወንዝ ውስጥ ሰጠመ፣ አንዴ እንኳ ዶሮ መሰለችኝ ያሏት ወፍ ወግታ ጣለችው። ከሁሉም የባሰው ግን መብራት ነበር። ያን ዓመት መብራት በፈረቃ ነው። እዚህ ኮምፒዩተሩ ድርግም ሲል፣ እዚያ በዳዳ ጫካ መሐል እንደ ግንድ ተገትሮ ይቀራል፤ አውሬም ያገኘዋል።

«ጋሼ፣ ጫካ ከመግባትዎ በፊት ፈረቃችንን ይጠይቁ» ትላቸዋለች ሄለን። «ሰዓቱ ሲቃረብ ወደ መንደር ይመለሱ። መንደር ውስጥ አውሬ አይገባም።»

ከጎናቸው የሚጫወተው ፋኑኤል የኢንሹራንስ ሻጭ ነው። ከሰው በኋላ ጀምሮ ከሰው ፊት መሆን የሚወድ ሰው ስለሆነ፣ ዱባይ ያለች እህቱን በካርዷ አስከፍሎ ለካራክተሩ የወርቅ ጥሩር ገዛ። በመጀመሪያው ቀን እያብረቀረቀ ከመንደር ወጣ። ሁለት የዱር አሳማ ገደለ፤ ሦስተኛው እሱን ገደለው።

«ምነው?» አሉ ጋሽ በዳዳ። «ወርቅ ለብሰህ?»

«ደረጃዬ ገና ሦስት ነው ይላል። ጥሩሩ የሚሠራው ከሃያ በኋላ ነው አሉ።»

«ታዲያ ሲሸጡልህ አልነገሩህም?»

ፋኑኤል ኢንሹራንስ ሻጭ ነውና ሳይነግሩ መሸጥ ምን እንደሆነ ሳይገባው አልቀረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ አብረው ድብ ሊገድሉ ወጡ። በዳዳ አሥራ አራተኛ ደረጃ ደርሶ ነበር። ድቡ ግን በአንድ ጥፊ ዘረረው። ፋኑኤል ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «ሄሉ! ድረሽ! በዳዳ ሞተ! በዳዳ ሞተ!» ብሎ ጮኸ።

በር ላይ ቲማቲም የሚሸጡት ወይዘሮ አስካለች ይህን ሰሙ። ገብተው አላዩም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ደረታቸውን እየደቁ ቁልቁል ሮጡ። ጥሩምባ ነፊው ኢዶሳ ጠላ ቤት ተቀምጦ ነበር። ለማጣራት እንኳ አልቆመም፤ ጥሩምባውን ይዞ ወጣ።

ጋሽ በዳዳ ይህን ሁሉ አልሰሙም። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው የሞቱበትን ስክሪን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። «ከፍለህ እዚሁ ተነሳ፤ ልምድህም አይቀነስም» ይላል።

«እነዚህ ሰዎች ሙት ላይ ይነግዳሉ!» አሉ ለብቻቸው። «አልከፍልም! በእግሬ እመለሳለሁ!»

እቤታቸው ግቢው በሰው ሞላ። ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ ልብስ እያጠቡ ነበር። «ኧረ ጠዋት ጨጨብሳውን ጠራርጎ በልቶ ነው የወጣው!» እያሉ ይጮኻሉ። ድንኳን ይተከል ሲባል የመጋዘኑ ቁልፍ ሟቹ ኪስ ውስጥ ሆነ። ኢዶሳ ሬሳውንም ቁልፉንም ሊያመጣ አራት ጎረምሳ አስከትሎ ዳገቱን ወጣ።

በሩን ከፍቶ ሲገባ ሟቹ ከኮምፒዩተር ጋር ይጨቃጨቃሉ። ጋሽ በዳዳ ማዳመጫውን አውልቀው ጥሩምባውን አዩ።

«ማን ሞተ?»

«እርስዎ» አለ ኢዶሳ።

«ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?» አሉ፣ ከልምድ የተነሳ። ሄለን ጠረጴዛው ሥር እስክትገባ ሳቀች።

እቤት ሲደርሱ እትዬ ጫልቱ መጀመሪያ አቀፏቸው። ቀጥለው በእርጥብ አንሶላ ጀርባቸውን ገረፏቸው። ወይዘሮ አስካለች ሰው ሁሉ ሲያፈጥባቸው፣ «ታዲያ ሞተ አለ!» አሉ።

«ሞተ አልኩ እንጂ ሞቱ አላልኩም» አለ ፋኑኤል። «ጋሽ በዳዳን አንተ እላለሁ እንዴ?»

«በድንጋጤ መሐል አንተና አንቱ ማን ይለያል!»

እትዬ ጫልቱ ስሙ ካልተቀየረ ኢንተርኔት ቤቱን እንዳይረግጡ ከለከሏቸው። ስም ለመቀየር ደግሞ ጨዋታው ያስከፍላል። ጋሽ በዳዳ አንድ ሌሊት አሰቡበትና አሥራ አራቱንም ደረጃ ጥለው ከአንድ ሊጀምሩ ወሰኑ። አዲሱን ስም እትዬ ጫልቱ አወጡት፦ ድንጋይ። «ድንጋይ ሞተ ቢባል ማንም አያለቅስም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጀማሪ በመጣ ቁጥር የሚያስተምሩት ጋሽ በዳዳ ሆኑ። ምክራቸውን እንደ እድር ደንብ በአንቀጽ ከፋፍለው አስጽፈው ግድግዳው ላይ ለጠፉት። አንቀጽ አንድ፣ ማንም በራሱ ስም አይመዘገብም ይላል። በሞተበት ደቂቃ የተናደደ ሰው ምንም ነገር አይግዛ፤ ውኃ ጠጥቶ ይመለስ ይላል ሌላው። ስለ ወርቅ ጥሩር የሚያወራውን አንቀጽ ፋኑኤል ሁለት ጊዜ ቀዶት ሁለት ጊዜ ተተካ።

በግንቦት እትዬ ጫልቱ ባላቸውን የወሰደባቸውን ነገር በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። ሄለን ድንጋይን ከሚያጫውቱት ባላቸው ጎን አስቀመጠቻቸውና ካራክተር ከፈተችላቸው። ከመንደር በወጡ በሦስት ደቂቃ ተኩላ በላቸው።

«ክፈልና አስነሳኝ» አሉ ወደ ባላቸው ዞረው።

ጋሽ በዳዳ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አዩ። ሚስታቸውንም አዩ። ከዚያ ድንጋይን ከጫካው አውጥተው ወደ መንደሩ በር ወሰዱት።

«ተነሽና በእግርሽ ውጪ» አሉ። «እኔ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።»