ሰባት ሰው በአንድ ስልክ ቁጥር

ሰባት ሰዎች ሥራ ለመቀጠር ፎርም ሞልተው ሰባቱም አጭበርባሪ ተብለው ተጣሉ። ጥፋታቸው ስልክ የሌላቸው መሆኑ ነው። የጻፉት የእኔን ቁጥር ነበር። ይህ ነገር ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ሳላስረዝም እናገራለሁ።

ካናል ዊንቸስተር የሚባል ከተማ ባለው የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ በምንለው፣ ሥራ የጀመርኩ ቀን ስካነር በእጄ አስያዙኝ። የቱን እንደምጫን አላውቅም ነበር። ያሠለጠነኝ ታይሮን የሚባል ረጅም ሰው ነው። መጀመሪያ የመደርደሪያውን ባርኮድ፣ ቀጥሎ የዕቃውን፣ በመጨረሻ የሳጥኑን አስነበበኝ። ስሳሳት አልሳቀብኝም። «እንደገና» አለኝ። አሁንም ስሳሳት ያንኑ በዚያው ድምፅ ደገመልኝ። በኋላ ሱፐርቫይዘር ሆነ፤ ድምፁ ግን አልተለወጠም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሲቆጣ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ሰው ከባድ ዕቃ ብቻውን ሲያነሳ አይቶ ነው።

መጀመሪያ ከመደርደሪያ ዕቃ ለቃሚ ነበርኩ፣ ከዚያ አሻጊ ሆንኩ። ጉልበቴን ሲያመኝ ታይሮን የችግር ጠረጴዛ ወደምንለው ቦታ አዛወረኝ። ስካነሩ አልቀበልም ያለው ካርቶን ሁሉ የሚመጣው እዚያ ነው።

ዘይነባ የምትባል የአገሬ ልጅ ዲቪ ደርሷት ከደሴ የመጣችው እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እያለሁ ነው። ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ሂልቶፕ የሚባለው ሰፈር እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ አረፈች። ለኪራይ ያየችው አፓርታማ ባለቤት «ደመወዝተኛ መሆንሽን የሚያሳይ ወረቀት አምጪ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ» አላት። ቤት ለማግኘት ሥራ፣ ሥራ ለማግኘት ስልክ፣ ስልክ ለማውጣት ደግሞ ደመወዝ ያስፈልጋል። የቱን ጫፍ ይዛ ትጀምር?

እሷ ግን ጀመረች። ጠዋት ልጆቹን አውቶቡስ ላይ ታሳፍርና የእኛን ዌርሃውስ የሥራ ፎርም ለመሙላት በብሮድ ስትሪት በእግሯ ላይብረሪ ትሄዳለች። ኮምፒውተሩ በሰዓት ስለሆነ ጥያቄዎቹን ደብተር ላይ ትገለብጣለች። ማታ መልሱን ታዘጋጃለች፣ በማግስቱ ትተይባለች። ሁለት ጊዜ ሳትጨርስ ሰዓቱ አልቆ የሞላችው ሁሉ ጠፋባት። ሁለቱንም ጊዜ ከስሟ ጀምራ ሞላችው።

«እትዬ አስካለ፣ የቀድሞ ሥራሽን ለምን ለቀቅሽ ይላል። ምን ልበል?»

«እውነቱን በይ።»

«አገር ለቅቄ ነው ልበል?»

«ታዲያ ከዚህ የበለጠ ምን ምክንያት ሊፈልጉ ነው!»

ሳቀችና ጻፈችው። ስልክ የሚለው ላይ ስትደርስ «የእኔን ጻፊ» አልኳት። በእኛ ዘንድ ቀድሞ የመጣ ሰው ስልክ የሁሉም ስልክ ነው፤ እኔም ስመጣ የእህቴን ልጅ ቁጥር ነበር ያስሞላሁት። በዚያው ሰሞን ለመጡ ለሌሎች ስድስት ሰዎችም እዚያው ሥራ ሲጠይቁ ያንኑ ቁጥር ሰጠሁ። ስህተቱ የእኔ ነው፤ አልክድም።

ስልኬን ከእጄ ሳልለይ ጠበቅሁ። ማንም ኮል አላደረገም። ወሩ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው በምሳ ሰዓት ዴኒስ ቢሮ ገባሁ። ዴኒስ የቅጥር ክፍሉ ኃላፊ ናት። ኮምፒውተሯን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ሰባት ስም፣ አንድ ስልክ። ይህ ማጭበርበር ነው።»

«ስልኩ የእኔ ነው። እኔ ነኝ አጭበርባሪዋ?»

«ሚስ አስካለ፣ እኔ አይደለሁም የጣልኳቸው። ሲስተሙ ነው።»

«ሲስተሙን ማን ቀጠረው?»

ፈገግ አለች እንጂ ምንም አላደረገችም።

ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ አንድ ዓይነት ቁጥር የተለጠፈባቸው ሁለት ካርቶኖች መጥተው ነበር። ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ጋሪ ላይ ጫንኳቸውና ታይሮንን «ቢሮ ልወስዳቸው ነው» አልኩት። ለምን እንደሆነ ነገርኩት። «ጋሪውን ግን ይመልሱልኝ» አለና በሩን ያዘልኝ።

ጋሪውን የዴኒስ ጠረጴዛ ድረስ ገፋሁት።

«ሁለቱም አንድ ቁጥር ናቸው። ቆሻሻ ውስጥ ልጣላቸው?»

«አይጣልም! ውስጣቸው ምን እንዳለ መች አየን?»

ጋሪውን ወደ እሷ አስጠጋሁት። እሷም ካርቶኖቹን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ «ነገ ሰዎቹ መታወቂያቸውን ይዘው ይምጡ» አለችኝ።

በማግስቱ ከአንድ የሥራ ጓደኛዬ ጋር በሁለት መኪና ይዘናቸው መጣን። የመጡት አምስት ናቸው። ሁለቱ መጠበቅ ሰልችቷቸው ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ነበር። ዘይነባ ሎቢው ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ስሟ ሲጠራ ዴኒስ ከፎርሙ ጠየቀቻት፤ እሷም አንዱንም ሳትሳሳት መለሰች። በሦስተኛው ቀን እንደ ሌሎቹ አራቱ የቅጥር ደብዳቤ ተሰጣት። ወሩ ሳያልቅ ደብዳቤውን ለአከራዩ አሳይታ ቁልፍ ተቀበለች። ዛሬ ዕቃ መቀበያ ክፍል ውስጥ አለቃ ናት። ከእኔ ትፈጥናለች፤ ይህንንም በአፏ አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም።

እኔ ግን ነገሩን አልተውኩትም። ሁለት ሰው ሥራ ሳያገኝ ከተማ ለቋል። በየሳምንቱ አርብ፣ በምሳ ሰዓት፣ ዴኒስ በር ላይ ቆሜ «ለምን ሳይታዩ ተጣሉ?» እላት ነበር። አንዳንድ የሥራ ጓደኞቼ «አሁንስ አበዙት፣ ተቀጥረው የለ እንዴ!» ይሉኛል። ያልተቀጠሩት ሁለቱስ?

ለእናንተ ሥራ ላይ ላላችሁት የምለው ይህን ነው። ለአዲስ ሰው ስልካችሁን አታውሱት፤ ተባብራችሁ የራሱን አውጡለት። ሰው የምትቀጥሩ ከሆናችሁ ደግሞ፣ በተውሶ ስልክ ሥራ የጠየቀ ሰው ድሃ ነው እንጂ ሌባ አይደለም።

ጡረታ ልወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ዴኒስ ቢሮዋ አስገባችኝና በሩን ዘጋች። ወንበር ሳበችልኝ።

«ሚስ አስካለ፣ ሲስተሙ ምልክት ያደርጋል እንጂ አይጥልም። የሚጥለው ሰው ነው። የጣልኳቸው እኔ ነኝ። ስማቸውን እንኳን አላነበብኩም።»