ነዳጁን ማን ሞላው?

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዕቃ የሚጭን ባጃጅ ገዛና ኢንሹራንስ ሊገባ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። የቢሮው ሠራተኛ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ስለ ውሉ ያስረዳን ጀመር። ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች የምር በችግር ጊዜ ይደርሳሉ?» አለኝ። ፊቴ ላይ ድቅን ያሉት ጋሽ አንተነህ ናቸው።

ጋሽ አንተነህ ብቸና ሳለን አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለፍተው የገዟት አንዲት የጭነት መኪና ነበረቻቸው። ኢንሹራንስ የገቡላትም የራሳቸውን እህል እንድትጭን ነው። እኔ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ኩራቴ ከቁመቴ የሚበልጥ።

በአንዱ ነሐሴ አክስቴ ሞጣ ማረፏን የሚያረዳ ሰው መጣ። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት አውቶብስ ቀርቷል። አባቴ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ጋሽ አንተነህ መኪናቸውን አስነስተው ደጃችን አቆሙና፣ «በሉ ውጡ፣ እንሂድ» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሳፈረ። አባቴ የሰው ውለታ የሚከብደው ሰው ነበር፤ ማደያው ጋ ስንደርስ ወርዶ፣ እሳቸው «ተው እንጂ» እያሉት ነዳጁን አስሞላ። በእኛ አገር በሰው መኪና ለቅሶ ሄዶ ነዳጅ አለመሙላት ያስወራል።

ፍልሰታ ስለነበር ሸራ ሥር ተጠጋግተን ሽምብራ ንፍሮ እየቃምን ተጓዝን። የመረሬው ጭቃ ጎማውን ይይዘዋል፤ ከግራ ከቀኝ ገና የበቀለው ጤፍ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል። ሞጣን አይቼ ስለማላውቅ፣ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል እንጂ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እኛ ወርደን ለቅሶው ቤት እንደገባን ጋሽ አንተነህ መኪናዋን ሊያዞሩ ሲሉ የመንገዱ ዳር ተናደና መኪናዋ ገደል ገባች። እሳቸው ዘለው ተረፉ። ሌላ ሰው አልነበረባትም። «ግድ የለም፣ ኢንሹራንስ አላት» እያሉ አባቴን ያጽናኑት እሳቸው ነበሩ።

ከሳምንታት በኋላ የኢንሹራንሱ መርማሪ ቤታችን መጣ። አባቴ ስላልነበረ ያገኘው እኔን ነው። ትሁት ሰው ነበር።

«እህቴ፣ ያን ቀን በነፃ ነው የሄዳችሁት?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ለቅሶ እንኳ በሰው ኪስ የምንሄድ አድርጎ አየን ብዬ።

«ለምን በነፃ እንሄዳለን? ነዳጁን የሞላው አባቴ ነው» አልኩት።

አመስግኖኝ ሄደ። ኩባንያውም መኪናዋ ከውሉ ውጭ ሰው በክፍያ ጭናለች ብሎ ካሳውን ከለከለ። አባቴ ነገሩ የጎረቤት ወግ መሆኑን ሊያስረዳ ቢሄድ፣ «ልጅዎ ራሷ ተናግራለች» ብለው መለሱት። ጋሽ አንተነህ ሌላ መኪና አልገዙም፤ በሌላ ነጋዴ መጋዘን እህል ሲመዝኑ አረጁ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ «እውነቱን እኮ ነው የተናገርሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ቢረግሙኝ በተሻለኝ።

ኩባንያው ዋሽቷል ማለት አልችልም፤ ውሉ ላይ ያለውን ነው የፈጸመው። ቢሆንም እኔ እውነት ተናግሬ የሰው እንጀራ ዘግቻለሁ፣ ይህ ከሆዴ ወጥቶ አያውቅም።

ልጄ አሁንም መልሴን ይጠብቃል። «ግባ፣ ሳይሻል አይቀርም። ግን ውሉን እስከ መጨረሻው አንብበው» አልኩት። ቀጥዬም፣ «ደግሞ ጎረቤት ለቅሶ አድርሰን ቢልህ…» ብዬ አቋረጥኩ።

«ቢለኝ ምን?» አለ።

«ምንም» አልኩት። ሐዘን የደረሰበትን ሰው ጥለህ እለፍ ልለው ነበር።