ከጉና ሥር የማይወርድ አውራ

አመተ ማርያም ባሏ ከሞተ ወዲህ ከንፋስ መውጫ በላይ፣ ከጉና ተራራ ሥር፣ ገብስን እንኳ ውርጭ በሚመታበት አገር በግ እያረባች ትኖር ነበር። በጎቿ ጠጉራቸው ረዥም፣ ጅራታቸው አጭርና ወፍራም፣ ከሣሩ ድንጋዩ በሚበዛበት ተዳፋት የሚከርሙ ናቸው። ጠጉራቸውን ሸልታ፣ ፈትላ፣ ባና የሚሉትን የሱፍ ብርድ ልብስ ታሠራለች፤ ሙክቶቹን ለበዓል ትሸጣለች።

ከመንጋው አንድ ቡላ አውራ በግ ነበራት። ያገር በግ ባለቀበት ክረምት ያልሞተ ነው፤ የሱ ግልገሎችም ብርድ አይደፍራቸውም።

ለፋሲካ የአገሩ ጭቃ ሹም ደምሌ የወረዳውን ገዥ ሊጋብዙ ሽር ጉድ ሲሉ በግ ላኪ አሏት። ልማድ ነውና ሙክት መርጣ አቀረበች። በግ ሊወስዱ የመጡት አሽከሮቻቸው ግን ሙክቱን ትተው አውራውን ጠፈሩት።

“እሱ የመንጋው ዘር ነው፤ አልሰጥም” አለች።

“ጭቃ ሹሙ ያሉት እሱን ነው” ብለው እየጎተቱ ወሰዱት።

ጎረቤቶቿ “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ተይው” አሏት። እሷ መቀነቷን አጥብቃ የጋጣውን በር ከፈተች፤ መንጋውን በሙሉ እየነዳች ከጭቃ ሹሙ ግቢ ገባች። በጎቹ ዳሱን ሞሉት፤ ጉዝጓዙን መጋጥ ጀመሩ። ገዥው ከነእንግዶቹ ተቀምጠው ያያሉ።

“አንቺ ሴት፣ አበድሽ?” አሉ ደምሌ።

“አላበድሁም። አውራው ከታረደ እነዚህም ከርሞ አይገኙም። አንድ ላይ ይረዷቸው፤ እኔም አርፋለሁ።”

መልስ አልጠበቀችም። ቢላዋ የሚስለውን ሰውዬ አልፋ አውራውን ከችካሉ ፈታችው፤ ከመንጋው ጋር እየነዳችም ወጣች። በገዥው ፊት ሴት ሊመታ የደፈረ አልነበረም።

ደምሌ ቂማቸውን አልተዉም፤ ከወል ግጦሹ ከለከሏት። እሷም መንጋዋን ወደ ገደሉ አፋፍ አወጣች፤ ዋሻ ውስጥ ከበጎቹ መሀል እያደረች ከረመች። ጥቂቱን ነብር በላባት፣ የቀረው ጸና። ይቅርታ ጠይቂ ያሏትን ሁሉ “ምን አጥፍቼ?” ብላ መለሰች።

ዓመታት አልፈው ክፉ ውርጭ የታቹን በግ ፈጀው። ያኔ ደምሌ “ከአውራሽ ዘር አንድ ወንድ ግልገል ስጪኝ” ብለው ሰው ላኩባት።

“ራሳቸው ይምጡ” አለች።

መጡ፤ ዳገቱን በእግራቸው፣ እያረፉ። አመተ ማርያም ተነሥታ ሰላም አለቻቸውና አንዲት ሴት ግልገል አወጣችላቸው።

“ወንድ ነበር የፈለግሁት” አሉ።

“አውቃለሁ” አለች። “ስትደርስ ይዘዋት ይምጡ፤ አውራ ከዚህ አይወርድም፤ እዚሁ ያጠቃታል።”

ደምሌ ግልገሏን አቅፈው ቁልቁል ወረዱ።