ሰሌን በአሳማ

ሆቴሉ ከተዘጋ ወዲህ ኡናይሲ ስልኳን ከእጇ አላወርድ ብላለች። ድሮ ስልኩ ዋና ከተማው ሱቫ ያለችውን የልጇን የሴሩን ድምፅ መስሚያ ብቻ ነበር። አሁን ካሳቫ እየላጠችም፣ ልብስ እያሰጣችም አንድ ዓይኗ እሱ ላይ ነው። በሽታው መጥቶ ቱሪስቱ ሁሉ በየአገሩ ከቀረ ጀምሮ የባሕር ዳሩ ሰው በሙሉ አንድ የልውውጥ ገጽ ላይ ሰፍሯል። እዚያ ላይ ገንዘብ የለም፣ ዕቃ በዕቃ ነው። አንዷ አንሶላ ሰጥታ ዱባ ትወስዳለች። አንዱ የልጁን ብስክሌት በሁለት ጆንያ ጎደሬ ይለውጣል። ገበያ ቢኬድ እንኳ እጅን በሳሙና አስታጥበው ካስገቡ በኋላ ሻጯ «ስንት ልስጥሽ?» አትልም፤ «ምን ይዘሻል?» ነው የምትለው።

ኡናይሲ ይህን ስታይ ደስም ይላታል፣ ትፈራለችም።

ምክንያቱም እሷ ዝምተኛ ናት። ሆቴሉ ውስጥ ልብስ ስትተኩስ የኖረችው ማሽኑ ስለሚጮህና ማንም ስለማያናግራት ይመስለኛል። ደመወዝ በወጣ ቀን አውቶቡስ ተሳፍራ ሲጋቶካ ከተማ ትወርዳለች፣ ትልቁ መደብር ገብታ ጋሪ እየገፋች የቆርቆሮ ዓሣውን፣ ዳቦውን፣ ኑድሉን፣ በረዶ የሆነውን ዶሮ ትጭናለች፣ ከፍላ ትወጣለች። መደብሩን የምትወደው ለዚህ ነበር። ዋጋው ዕቃው ላይ ተለጥፏል፤ መጠየቅ የለ፣ መከራከር የለ። አሁን ግን ለአንድ ኪሎ ዱቄትም አፍ መክፈት መጣ።

«ምን ያሳፍርሻል?» አለቻት ሱሺላ አጥሩን ተደግፋ። ሱሺላ ጎረቤቷ ናት፤ ባሏ ሸንኮራ ያርሳል። «እኔን አታይም? የባሌን አሮጌ ጎማ ሰጥቼ ሁለት ዶሮ አመጣሁ። አልጋውን ልሰጥ ስል ነው የያዘኝ።»

«ጎማውን ምን ሊያደርጉት ነው?»

«እኔ ምን አገባኝ። ዶሮዎቹ እንቁላል ይጥላሉ። ጎማው ስንት ዓመት ቤቴ ተቀምጦ አንድም አልጣለ።»

ኡናይሲ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

«ይልቅ ያን ሰሌን አውጪው» አለች ሱሺላ። «ግድግዳ ተደግፎ ምን ይሠራልሻል?»

ሰሌኑን የሆቴሉ ሰዎች ነበሩ ያዘዟት፤ ለእንግዳ መቀበያው። ብዙ ወር ሠርታ ስትጨርስ እነሱ በሩን ዘጉ። ትልቅ ነው፤ ቢዘረጋ ቤቷን ሞልቶ ወደ ውጭ ይተርፋል። ጠርዙ ላይ እናቷ ባስተማረቻት ዓይነት ጥቁርና ነጭ ጥለት ጥላበት፣ ቀይና አረንጓዴ የሱፍ ክር ዘርፍ አድርጋበታለች። ሌላ እንዳትሠራ ሰሌን የሚታታበትን የቮይቮይ ቅጠል ሚያዝያ ላይ የመጣው አውሎ ነፋስ ጠራርጎ ወስዶታል። እንግዲህ ያላት ጥሪት እሱ ብቻ ነው።

በእሱ የምትፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለመውለድ የደረሰች ሴት አሳማ። ሰው ሁሉ ያለውን እየሰጠ ይበላል፤ ሲያልቅበትስ? አሳማ ግን ትወልዳለች። አንዱ ግልገል በዱቄት፣ አንዱ በዘይት፣ አንዱ በስኳር ይሄዳል፤ እሷ ደግሞ እንደገና ትወልዳለች። ሆቴሉ እስኪከፈት ቤቱ አይራብም። ኡናይሲ ይህን በሆዷ ስታሰላ ቆይታለች፤ ሰሌኑን በተሳሳተ ነገር ከለወጠችው ግን ሁሉም ነገር እንደሚያበቃ ታውቅ ነበር።

ሰሌኑን ደጅ ዘርግታ ፎቶ አነሳችው። ጽሕፈቷ እንደ ነገሩ ነው፤ ትምህርቱን ገና በልጅነቷ ነው የተወችው። ሰው ያነበዋል፣ ይስቁብኛል እያለች ስትጽፍ ስታጠፋ ዋለች። በመጨረሻ ሁለት ቃል ብቻ ጻፈች፦ «ሰሌን። አሳማ።»

ሰው ሁሉ ተረባረበበት። አንዱ «ሰሌኑ ነው አሳማው ወይስ አሳማው ነው ሰሌኑ?» አለ። ሌላው ጊታር እሰጣለሁ አለ። አንዷ ግማሹን ብቻ ቆርጠሽ ስጪኝ ብላ ጻፈች። ኡናይሲ ስልኩን ትራስ ሥር ከተተችው። በኋላ ስታወጣው ግን የአንዲት ጥቁር አሳማ ፎቶ ነበር፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ከሥሩ የወንድ ድምፅ ተልኳል።

«ኔታኒ እባላለሁ፣ ከሸለቆው ነኝ። ሰሌንዎን ወድጄዋለሁ፣ እመቤቴ። አሳማዋን ይውሰዱ። ቅዳሜ ጠዋት ሲጋቶካ፣ ገበያው በር ላይ እጠብቅዎታለሁ።»

ባሏ ዋይሳኬ ድምፁን ደጋግሞ ሰማው። «ጥሩ ሰው ይመስላል» አለ። «እመቤቴ ብሎሻል። እኔ ብዬሽ አላውቅም።»

«አንተማ ሰሌኑንም አላየኸውም» አለችው፤ እንዲህ ብላ መመለሷ ራሷን ገረማት።

ቅዳሜ ሦስቱ ሄዱ። ዋይሳኬ ገመድ ይዞ፣ ኡናይሲ ሰሌኑን ጠቅልላ አቅፋ፣ ሱሺላ ደግሞ ምንም ሳትይዝ፤ «ለማየት ነው» ብላ። ኔታኒ ገበያው በር ላይ ፒክአፑን አቁሞ ነበር። ሰፊ ደረት፣ ሽበታም ጢም። ከኋላ በእንጨት ሣጥን ውስጥ አሳማዋ ተኝታለች፤ በፎቶው ካዩዋትም ትበልጣለች። ከሷ አጠገብ የጎደሬ ጆንያ ተደርድሯል። ኡናይሲ አሳማዋን ስታይ ከወዲሁ ግልገሎቹን መቁጠር ጀመረች።

ኔታኒ ሰሌኑን በአክብሮት ተቀብሎ ጫፉን ፈታ አደረገው። ጣቱን በጠርዙ ላይ ሲያሄድ ቆየና ድንገት ቆም አለ።

«ይህን ጠርዝ ከማን ተማሩት?»

«ከእናቴ» አለች ኡናይሲ፤ ድምፇ ለራሷም አልተሰማትም።

«እናትዎ የት አገር ሰው ናቸው?»

«ናቡካ ነው የኖረችው፣ አባቴ ዘንድ። ከባሕሩ ማዶ፣ ደሴት ላይ ያለ መንደር ነው።»

ኔታኒ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ፊቱ በሙሉ ሳቅ ሆነ። ሰሌኑን መልሶ ጠቀለለና ትከሻው ላይ ጣለው።

«ናቡካ? እኔ ዘሬ ዋይራሉ ነው፣ አንቺ ሴትዮ። ታውቩ ነን እኮ። በቃ፣ ሰሌኑን ወስጃለሁ።»

ሰሌኑን ጋቢና ውስጥ ወረወረና መሪውን ጨበጠ። ሞተሩን አስነሳ።

«አሳማዋስ?» አለ ዋይሳኬ።

«የማን አሳማ?» አለ ኔታኒ።

ሱሺላ ጮክ ብላ፣ «ይሄ ሰውዬ ሌባ ነው እንዴ? ፖሊስ ልጥራ?» አለች። ዋይሳኬም ገመዱን ጥሎ ወደ መኪናው ተንደረደረ። ኡናይሲ ክንዱን ያዘችው።

«ተው። አንተ የናቡካ ሰው አይደለህም፣ አትችልም» አለችው። «መብቱ ነው።»

እውነትም መብቱ ነበር። ናቡካና ዋይራሉ ጥንት አንድ መንፈስ ያመልኩ ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ መንደር ሰዎች ታውቩ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ንብረት ሳይጠይቅ ያነሳል፣ እንደ ልቡ ይሰድበዋል፣ የተወሰደበትም ሊቆጣ አይችልም። የሚችለው መልሶ መውሰድ ብቻ ነው። ኡናይሲ ልጅ ሆና የዋይራሉ ሰዎች በጀልባ ሲመጡ ታስታውሳለች። ዶሮውን እያሯሯጡ ይይዛሉ፣ አባቷን ቀርፋፋ እያሉ ይሳደባሉ፣ አባቷ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። በሌላ ጊዜ ደግሞ እሱ ሄዶ ጀልባ ሙሉ ይዞ ይመለሳል። እሷ ግን ሁልጊዜ ከጠረጴዛ ሥር ነበር የምትገባው። አንድም ጊዜ ተሳድባ፣ አንድም ጊዜ ወስዳ አታውቅም።

አሁን «እባክዎ አሳማዬን ይስጡኝ» ብትለው አለቀላት። የለመነ ተሸነፈ ማለት ነው። እሱ ሰሌኑን ይዞ ወደ ሸለቆው ይነዳል፣ የሚወቅሰውም የለም። አሳማዋም፣ ግልገሎቿም፣ ዱቄቱም ዘይቱም አብረው ይሄዳሉ።

ኔታኒ በመስኮቱ ብቅ አለ። ለመንዳት አልቸኮለም፤ እያየ ይጠብቃታል። «የናቡካ ሴት እጅ አላት እንጂ አፍ የላትም ሲሉ እሰማ ነበር» አለ ለተሰበሰበው ሰው። «ይኸው፣ እውነት ነው።»

ሰው ሳቀ። ተራርቃችሁ ቁሙ የተባለው ሁሉ ቀረና ገበያተኛው እየተጠጋ መጣ። የኡናይሲ እጅ ከአፏ ቀደመ፤ በመስኮቱ ገባና የመኪናውን ቁልፍ መንጭቆ አወጣው። ሞተሩ ጸጥ አለ።

«አንተ...» አለችና አቃታት። ደገመችው። «አንተ ራሰ ጎደሬ። የናንተ ሰው ጀልባ መቅዘፍ አቅቶት አይደለም እንዴ ሸለቆ ውስጥ የተደበቀው?»

ገበያው በአንድ ጊዜ ጮኸ። ኔታኒ አናቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ የተመታ ሰው መሰለ፤ ዓይኑ ግን ያበራል።

«ጭራሽ ተናገረች» አለ። «ቁልፌን።»

«የማን ቁልፍ?» አለች ኡናይሲ።

ሱሺላ ነገሩ አልገባትም፤ ቢሆንም እልል አለች። ኡናይሲ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላ ወጣችና የአሳማዋ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። አሳማዋ ከሥሯ አጉረመረመች። የሚሰማት ፍርሃት አልነበረም። ከዚያ በፊት እንደዚያ ዓይነት ነገር ተሰምቷት አያውቅም።

«ዋይሳኬ፣ ና ውጣ። ሱሺላ፣ አንቺም።»

«አሳማዋን ላውርዳት እንጂ» አለ ባሏ ገመዱን እየፈለገ።

«ለምን ትወርዳለች? ይሄ ሰውዬ ያደርሰናል። ጎደሬውም የኛ ነው።» ቁልፉን በጋቢናው መስኮት ወረወረችለት። «ንዳ፣ ሰነፍ። ቀስ ብለህ ንዳ፤ እርጉዝ ናት።»

«የትኛዋ?» አለ ኔታኒ።

ዋይሳኬ ራሱ በሳቅ ወደቀ።

በባሕሩ መንገድ ሙሉ ኔታኒ በመስኮቱ ሲሳደብ፣ ኡናይሲ ከኋላ ስትመልስ ሄዱ። መጀመሪያ እያሰበች ነበር የምትመልሰው፣ በኋላ ግን ከየት እንደሚመጣላት አታውቅም። ጢሙን ሰደበች፣ መኪናውን ሰደበች፣ የሴት አያቱን ምግብ ሰደበች። ሱሺላ «እኔም አንድ ልበለው?» ብትላት፣ «አንቺ አትችይም፣ ይቀየምሻል» አለቻት። ሱሺላ አዘነች።

ቤት ሲደርሱ አሳማዋን አውርዶ እየነዳ ጋጣው ውስጥ ያስገባት ኔታኒ ነው፤ ኡናይሲ ቆማ «ወደ ግራ፣ ዕውር» እያለች። ጎደሬውንም አወረደ። እሱም ዝም አላለም። ጓዳ ገብቶ ድስቱን ከፈተና በኮኮናት የተሠራውን ዓሣ ቆሞ በላ፤ የቀረውን ከነድስቱ ይዞ መኪናው ውስጥ ከተተ። ዋይሳኬ ይህን ሲያይ ኡናይሲን አያት። እሷ ግን ግድግዳ ተደግፋ ትስቅ ነበር። እሱ እንደዚያ ስትስቅ አይቷት አያውቅም።

አሳማዋ በሳምንቱ ወለደች። ሱሺላ የመጀመሪያዋ ሆና አንድ ግልገል በዱቄት ወሰደች፤ ባሏን ሳታማክር። ከዚያ ዘይት መጣ፣ ስኳር መጣ፣ ሻይ ቅጠል መጣ። ኡናይሲ አሁን ገጹ ላይ የምትጽፈው ከሁለት ቃል ይበልጣል፤ ፊደሉ ቢጣመምም አትደብቀውም። «ትንሽ ነች ግን ብልህ ነች፣ ዘይት ያለው ይምጣ፣ ጊታር ያለው አይምጣ» ብላ አንድ ቀን ጽፋ መንደሩ ሁሉ ሲያወራው ሰነበተ።

ድስቱ ግን ኔታኒ ዘንድ ነው። አንድ ማለዳ ባዶ ጆንያዎች አጥፋ ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች።

«ወዴት ነው?» አለች ሱሺላ ካጥሩ ማዶ።

«አስቤዛ ልገዛ።»

«ምን ይዘሽ?»

«ምንም።»

አውቶቡሱ ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ ወጣ። ኡናይሲ ኔታኒ ግቢ ስትደርስ በሩ ላይ አልቆመችም፣ አልጠራችም። በጓሮ በኩል ዞራ ጎደሬው መሐል ገባችና ትልቁን መርጣ መንቀል ጀመረች። አፈሩ እርጥብ ነው፤ እየሳበች ስትነቅለው ድምፁ ደስ ይላል። አንድ ጆንያ ሞልታ ሁለተኛውን ስትይዝ ከመስኮቱ የሴት ድምፅ መጣ። የኔታኒ ሚስት ናት።

«ማነው እዚያ?»

ኡናይሲ ቀና አለች። ክርኗ ድረስ ጭቃ ነው።

«ሌባ ነኝ» አለች ጮክ ብላ። «ከናቡካ ነው የመጣሁት። ያን ቀርፋፋ ባልሽን ቀስቅሺና ጆንያውን ይሸከምልኝ። ድስቴንም ጣጂው፣ ምሳ እዚሁ ነው የምበላው።»